ተማሪው ራሱን የሚያስቀምጥበት እርከን፦ የኑሮ ደረጃ ስሜትና የተማሪዎች ደህንነት

ይህን የምንጽፈው በተማሪዎች ምክርና ድጋፍ ሥራ ላይ ያለን ሰዎች ነን። የምንጽፈውም በተለይ ለክፍል ኃላፊ መምህራንና ለአማካሪዎች ነው፤ ነገሩ በቀጥታ የሚነካቸው ተማሪዎችና ወላጆችም የሚጠቅማቸውን ያገኙበታል። በሥራችን ደጋግሞ የሚገጥመን ነገር አለ። የሁለት ተማሪዎች ቤተሰብ ገቢ ተቀራራቢ ሆኖ ሳለ አንዱ ተረጋግቶ ይማራል፣ ያልገባውን ይጠይቃል፣ ጓደኛ ያፈራል፤ ሌላው ይሸማቀቃል፣ ከክፍል ይቀራል፣ እንቅልፍ ያጣል። ልዩነቱ ብዙ ጊዜ ከኪሳቸው አይመጣም። ራሳቸውን ከሌሎች ተማሪዎች አንጻር የት ላይ እንዳስቀመጡት ነው የሚለያያቸው። ይህ ስሜት ደግሞ ትምህርት ቤቱ በየቀኑ በሚያደርጋቸው ትንንሽ ነገሮች ይባባሳል ወይም ይረግባል።

እንዲህ ስንል ድህነት የስሜት ጉዳይ ነው ማለታችን አይደለም። ለተራበ ተማሪ የሚያስፈልገው ምግብ ነው፤ የመጓጓዣ ገንዘብ ላጣ ተማሪ የሚያስፈልገው መጓጓዣ ነው። ምክር የገንዘብ ምትክ ሆኖ ሲቀርብ ተማሪውን ያቆስላል፤ ችግሩ በእሱ አስተሳሰብ ላይ ነው የተባለ ይመስለዋልና። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የሚሠራው ተጨባጩ ችግር አስቀድሞ ሲፈታ ወይም ቢያንስ ጎን ለጎን ሲሠራበት ነው።

ከገቢው ይልቅ ንጽጽሩ

እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ አንድ ሰፊ የጥናቶች ጥናት 357 ጥናቶችን፣ ከ2.3 ሚሊዮን በላይ ሰዎችን አንድ ላይ አድርጎ መርምሯል። በገቢ፣ በትምህርትና በመሳሰሉት የሚለካው የኑሮ ደረጃ ከደህንነት ስሜት፣ ማለትም ሰው በሕይወቱ ከሚሰማው እርካታና ደስታ፣ ጋር ያለው ተዛምዶ (0 ሲሆን ግንኙነት የለም፣ 1 ሲሆን ፍጹም ግንኙነት አለ) 0.16 ሆኖ ተገኘ፤ ሰው ለራሱ የሚሰጠው ደረጃ ግን 0.22። በሁለቱ የደረጃ አለካኮች መካከል ያለው ተዛምዶ ራሱ 0.32 ብቻ ነው። የአንድን ተማሪ የቤተሰብ ገቢ ማወቅ፣ ተማሪው ራሱን የት እንዳስቀመጠ ብዙም አይነግረንም ማለት ነው። ቁጥሮቹን ግን በልካቸው ማንበብ ይገባል። የ0.22 ተዛምዶ በሰዎች ደህንነት ላይ ከሚታየው ልዩነት ከመቶ አምስት ያህሉን ብቻ ነው የሚያብራራው። የጤና፣ የቤተሰብ ሰላምና የጓደኝነት ድርሻ ከዚህ ውጭ ነው፤ የተጨነቀን ተማሪ ሁሉ «የኑሮ ደረጃ ነገር ነው» ብሎ መደምደም ስህተት ነው።

አንድ ጥያቄ ሁልጊዜ ይነሳል፦ የተከፋ ሰው ራሱን ዝቅ አድርጎ አያይም ወይ? ያያል። መንገዱ በሁለቱም አቅጣጫ ይሄዳል። ሆኖም በእንግሊዝና በዌልስ እ.ኤ.አ. በ1994 እና በ1995 የተወለዱ መንትዮችን የተከታተለ ጥናት እዚህ ላይ ትልቅ ብርሃን ይሰጣል። መንትዮቹ ያደጉት በአንድ ቤት፣ በአንድ ገቢ ነው። ይሁንና 18 ዓመት ሲሞላቸው የቤተሰቡን ደረጃ ከፍ አድርጎ ያየው መንትያ ከወንድሙ ወይም ከእህቷ ያነሰ የአእምሮ ጤና ችግር ነበረበት፤ በትምህርት ወይም በሥራ ላይ የመገኘት ዕድሉም የተሻለ ነበር። በ12 ዓመታቸው ግን እንዲህ ዓይነት ልዩነት አልታየም። ለእኛ ሥራ ትልቁ ቁም ነገር ይህ ነው፤ ስሜቱ ሥር የሚሰደው በእነዚህ ሁለት ዕድሜዎች መካከል፣ ማለትም በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ዘመን ነው። ጥረታችንን የምናውለውም እዚያ ላይ ነው።

ሰው ራሱን የሚያስተያየው ከሩቁ ጋር ሳይሆን ከሚመስለውና ከሚቀርበው ጋር መሆኑን የማኅበራዊ ሥነ ልቦና ተመራማሪው ሊዮን ፌስቲንገር እ.ኤ.አ. በ1954 ባቀረበው የማኅበራዊ ንጽጽር ንድፈ ሐሳብ አስቀምጦታል። ተማሪ የዓለም ቱጃሮች አያሳስቡትም፤ የሚያየው አጠገቡ የተቀመጠችውን ልጅ ጫማና ከፊቱ ያለውን ልጅ ስልክ ነው። ለዚህም ነው ተማሪ ትምህርት ቤት ሲቀይር የቤተሰቡ ገቢ ሳይነካ የደረጃ ስሜቱ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሊያሽቆለቁል የሚችለው። በቀድሞ ትምህርት ቤቱ ከፊተኞቹ የነበረ ልጅ ተመርጠው የገቡ ተማሪዎች ብቻ ወደሚማሩበት ሲዛወር በውጤትም በኑሮም በአንድ ጊዜ ዝቅ ያለ ይመስለዋል። የአዲስ ገቢዎች የመጀመሪያ ወራት ከሌላው ጊዜ ሁሉ የበለጠ ክትትል የሚፈልጉት በዚህ ምክንያት ነው።

ስሜቱ ተማሪውን የሚጎዳው በዋናነት በሦስት በኩል ነው። አንደኛ፣ «ምን ብለው ያዩኛል» የሚለው ሐሳብ ለትምህርቱ የሚያስፈልገውን ትኩረት ይሻማል። ሁለተኛ፣ እርዳታ መጠየቅ የበታችነቱ ማስረጃ ስለሚመስለው ይሉኝታ ይይዘዋል፤ ያልገባውን ሳይጠይቅ ይቀራል፣ የሚገባውን ድጋፍ ሳይወስድ ጊዜው ያልፍበታል። ሦስተኛ፣ እኩል ለመምሰል ያወጣል፣ ይበደራል፣ ይዋሻል፤ ውሸቱን ለመጠበቅ ደግሞ ከጓደኛ ይርቃል። በተለይ ሁለተኛው በመምህራን ዘንድ ብዙ ጊዜ በስህተት ይተረጎማል። ዝምታው «አይፈልግም» ወይም «ሰነፍ ነው» ተብሎ ይታለፋል።

በመሰላል መለካት

በዚህ ዘርፍ በብዛት የሚሠራበት መለኪያ ናንሲ አድለርና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2000 ያስተዋወቁት የማክአርተር መሰላል ነው። የወጣቶቹን ቅጂ ኤልዛቤት ጉድማንና ባልደረቦቿ በዓመቱ አወጡት። የሚያስፈልገው ወረቀትና እርሳስ ብቻ ነው። በአንድ ገጽ ላይ 10 እርከን ያለው መሰላል ይሳላል፤ በሌላ ገጽ ላይ ሁለተኛ መሰላል፣ እሱም 10 እርከን ያለው።

የመጀመሪያው መሰላል ስለ ቤተሰብ ነው። መመሪያው በግርድፉ እንዲህ ይላል፦ «ይህ መሰላል ኅብረተሰቡን ያሳያል እንበል። ከላይ ያሉት ብዙ ገንዘብ፣ ከፍተኛ ትምህርትና የተከበረ ሥራ ያላቸው ናቸው። ከታች ያሉት ገንዘብ የሌላቸው፣ ትምህርት ያላገኙ፣ ሥራ የሌላቸው ወይም ሌላው የማይፈልገውን ሥራ የሚሠሩ ናቸው። የቤተሰብህ ቦታ የትኛው እርከን ላይ ነው?» ሁለተኛው ስለ ተማሪው ራሱና ስለ ትምህርት ቤቱ ነው፦ ከላይ በሁሉም የሚከበሩና ጥሩ ውጤት ያላቸው፣ ከታች ማንም የማያከብራቸውና ማንም አብሯቸው ሊሆን የማይወዳቸው አሉ፤ «አንተስ የት ነህ?» ተማሪው እርከኑ ላይ ምልክት ያደርጋል፤ በቃ።

ቀላል ስለሆነ በቀላሉ ይበላሻል። በክፍል ፊት በቃል መጠየቅ ወይም እጅ ማስወጣት የተከለከለ ነው፤ ልናርመው የመጣነውን ቁስል ራሳችን እንነካካለን። ጎን ለጎን የተቀመጡ ጓደኛሞች አንዳቸው የሌላውን ወረቀት ካዩ ሁሉም 5 እና 6 ላይ ይሰበሰባል፤ ስለዚህ አራርቃችሁ አስቀምጡ፣ ወረቀቱም ታጥፎ በፖስታ ይሰብሰብ። ክፍያ በተጠየቀበት ቀን፣ ውጤት በተነገረበት ሳምንት ወይም ከረጅም ዕረፍት በተመለሱ ማግስት አትለኩ፤ የምትለኩት የዚያን ቀን ስሜት ይሆናል። ከ12 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ይህን መጠቀም አንመክርም። በመንትዮቹ ጥናት እንደታየው በዚያ ዕድሜ ምልክቱ ከደህንነት ጋር ገና አልተያያዘም፤ ሕፃኑን ደግሞ ያላሰበውን ነገር ማሳሰብ ይሆናል።

ከመሰላሉ ጋር የዓለም ጤና ድርጅትን አምስት ጥያቄዎች ብታያይዙ ሥራው ይሟላል። ጥያቄዎቹ ያለፉትን ሁለት ሳምንታት ይመለከታሉ፦ በደስታና በጥሩ መንፈስ ነበርክ ወይ፣ ተረጋግተህ ነበር ወይ፣ ንቁና ብርቱ ነበርክ ወይ፣ ጠዋት ስትነቃ አርፈህ ነበር ወይ፣ ውሎህ በሚስቡህ ነገሮች የተሞላ ነበር ወይ። እያንዳንዱ ከ0 (በፍጹም) እስከ 5 (ሁልጊዜ) ይሰጠዋል። ድምሩ በ4 ሲባዛ ከ0 እስከ 100 ያለ ቁጥር ይወጣል። 50 እና ከዚያ በታች ያመጣውን ተማሪ ጠርቶ ማነጋገር ያስፈልጋል። 28 እና ከዚያ በታች ከሆነ ወደ ጤና ባለሙያ ይላክ። ይህ ቁጥር በራሱ ምርመራ አይደለም፤ ለማን ቅድሚያ እንስጥ የሚለውን ብቻ ነው የሚመልሰው።

ሁለቱን መሰላሎች አትደምሩ፣ አማካይም አታውጡላቸው። ዋናው መረጃ ያለው በመካከላቸው ባለው ክፍተት ነው። ቤተሰቡን 3 ላይ፣ ራሱን በትምህርት ቤቱ 8 ላይ ያስቀመጠ ተማሪ ክብሩን የሚያገኘው በውጤቱ ነው። ደህና ይመስላል፤ ግን የቆመው በአንድ እግሩ ነው። አንድ ፈተና ሲበላሽበት ሁሉም አብሮ ይናዳል፤ ስለዚህ ከውጤት ውጭ የሚከበርበት ሌላ ቦታ፣ ለምሳሌ ክበብ፣ ስፖርት ወይም ታናናሾችን ማስጠናት፣ ቀድሞ ይፈለግለት። ቤተሰቡን 8 ላይ፣ ራሱን 2 ላይ ካስቀመጠ ነገሩ ገንዘብ አይደለም። ማግለል፣ ማስፈራራት፣ በአነጋገር ወይም በመልክ መሾፍ አለ ብላችሁ ጠርጥሩ። ሁለቱንም ከ3 በታች ያደረገና በአምስቱ ጥያቄዎች ከ50 በታች ያለ ተማሪ በዚያው ሳምንት መጠራት አለበት። የተቸገረ መሆኑን እያወቃችሁ ቤተሰቡን 7 ላይ ያስቀመጠ ተማሪ ደግሞ አለ። ይህን «ዋሽቷል» ብላችሁ አታርሙት። አንዳንዱ በእርግጥም ከሰው በታች ነኝ ብሎ አያስብም፤ ይህ ጥንካሬው ነው። አንዳንዱ እየደበቀ ነው፤ ጊዜና መተማመን ይፈልጋል።

ትምህርት ቤቱ ሳያውቅ የሚያሳየው

መሰላሉን ለክተን ክፍሉን እንደነበረ ከተውነው ምንም አልሠራንም። ተማሪው እርከኑን የሚያነበው ከክፍሉ ውሎ ነው። እስቲ የመዋጮን ነገር ቀረብ ብለን እንየው። ለጉብኝት ወይም ለመጽሐፍ የሚከፈል ገንዘብ አለ። መምህሩ በክፍለ ጊዜው መጀመሪያ ስም እየጠራ ይቀበላል፤ የከፈለ ምልክት ይደረግበታል፤ «ያልከፈላችሁ ነገ እንዳይቀር» ይባላል። በማግስቱ የቀሩት ስሞች ብቻ ይጠራሉ፤ በሦስተኛው ቀን ሦስት ወይም አራት ስም ይቀራል። እነዚህ ልጆች በየቀኑ በሠላሳና በአርባ ሰው ፊት ተነስተው «አልያዝኩም» ይላሉ። መምህሩ ክፉ አስቦ አይደለም፤ ሒሳቡ እንዳይጎድልበት ነው። ግን ከዚያ በኋላ ያለው ትምህርት ለእነዚህ ልጆች አልቋል። በአራተኛው ቀን ከትምህርት የሚቀር ተማሪ ካለ የመቅረቱን ምክንያት መፈለግ ያለብን እዚህ ነው።

መፍትሔው ብዙ ወጪ የለውም። ገንዘብ ክፍል ውስጥ አይሰብሰብ፤ ከወላጅ ጋር በመልእክት ወይም በቢሮ በኩል ይጠናቀቅ። የዓመቱ ወይም የመንፈቁ ወጪ ሁሉ አንድ ላይ ተደምሮ በመጀመሪያው ሳምንት ይነገር፤ በየጊዜው ብቅ የሚል ትንሽ ክፍያ አቅም ለሌለው ቤተሰብ ከአንድ ትልቅ ክፍያ ይከብዳል፣ መዘጋጀት አይቻልምና። የክፍያ ቅጹ ለሁሉም አንድ ዓይነት ይሁን፣ በላዩም ላይ «ሙሉ እንከፍላለን፣ በከፊል እንከፍላለን፣ ድጋፍ እንፈልጋለን» የሚሉ ሦስት ምርጫዎች ይኑሩ። እንዲህ ሲሆን ድጋፍ መጠየቅ ምልክት ማድረግ ብቻ ይሆናል፤ ቢሮ አንኳኩቶ መለመን አይኖርም። የድህነት ማረጋገጫ የግድ የሚያስፈልግ ከሆነ የሚያየው አንድ ሰው ብቻ ይሁን፤ እሱም የተማሪው መምህር ባይሆን ይመረጣል።

ሁለተኛው ነገር ደግሞ ከገንዘብ ጋር የተያያዘ እንኳ አይመስልም። ጉዶና ክሯዜ የተባሉ የፈረንሳይ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2017 ባሳተሙት ሙከራ ተማሪዎች ጥያቄ በሠሩ ቁጥር እጃቸውን እንዲያወጡ ሲደረግ ከሠራተኛ መደብ ቤተሰብ የመጡት ልጆች ውጤት ዝቅ አለ። እጅ ማውጣት ባልነበረበት ጊዜ ግን ልዩነቱ ጠበበ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ሌላው ቀድሞ ሲጨርስ የሚያይ ልጅ፣ ያኛው በቤቱ ቀድሞ የተለማመደው መሆኑን አያውቅም፤ «እኔ አልችልም» ብሎ ይተረጉመዋል። በዚያው ሥራ ላይ ተማሪዎቹ አንዳንዶቹ ከሌላው የተሻለ ዝግጅት እንደነበራቸው ሲነገራቸው ጉዳቱ ቀንሷል። ስለዚህ «የጨረሰ እጁን ያውጣ» ይቅር። «ስትጨርሱ ወረቀታችሁን ገልብጣችሁ የሚቀጥለውን ገጽ አንብቡ» ይበቃል። ፈተና ስትሰጡም «ይህ ማን ጎበዝ እንደሆነ ይለያል» አትበሉ። ክሯዜና ክሌር እ.ኤ.አ. በ1998 እንዳሳዩት ያው የቃላት ፈተና የአእምሮ ችሎታን ይለካል ተብሎ ሲቀርብ ከዝቅተኛ ኑሮ የመጡ ተማሪዎች ከአቅማቸው በታች ሠሩ፤ ችሎታን አይለካም ሲባል ግን እንዲህ አልሆነም።

የተቀሩትን በአጭሩ እንበላቸው። «በዕረፍቱ የት ሄዳችሁ?» የሚለው የመጀመሪያ ቀን ጥያቄ ለብዙዎች የውርደት ጥያቄ ነው፤ «በዕረፍቱ ምን አስተዋላችሁ?» በሚለው ይተካ። የቡድን ሥራ ኮምፒውተር፣ ማተሚያ ወይም በአንዱ ቤት መሰብሰብ የሚጠይቅ ከሆነ በክፍለ ጊዜ ውስጥና በትምህርት ቤቱ ዕቃ ይሠራ። የኢንተርኔት ትምህርት ሲኖር ካሜራ ማስከፈት የልጁን ቤት ለክፍሉ ሁሉ ማሳየት ነው፤ አስፈላጊ ከሆነ ሁሉም አንድ ዓይነት የጀርባ ምስል ይጠቀሙ። ድጋፍ የሚያገኙ ተማሪዎች የተለየ ካርድ፣ የተለየ ሰልፍ ወይም የተለየ ሰዓት ካላቸው፣ ድጋፉን ትተው የሚሄዱት ጥቂቶች አይሆኑም።

ያልተጻፉ ደንቦች ግን ሰፋ ያለ ቦታ ይፈልጋሉ። ወላጆቹ ከፍተኛ ትምህርት የተማሩ ልጅ መምህርን ቢሮ ሄዶ መጠየቅ እንደሚቻል፣ የማስረከቢያ ቀን እንዲራዘም ደብዳቤ እንደሚጻፍ፣ ለነጻ የትምህርት ዕድል የድጋፍ ደብዳቤ ቀደም ብሎ እንደሚጠየቅ ከቤቱ ሰምቷል። ሌላው ይህን ሁሉ አያውቅም፤ አለማወቁንም የራሱ ጉድለት ያደርገዋል። በመጀመሪያው ወር አንድ ክፍለ ጊዜ ለዚህ ብቻ ይመደብ፣ ለሁሉም ተማሪ ይሰጥ፣ ቃል በቃልም ይለማመዱት፦ «መምህር፣ ትናንት ያስተማሩት ሦስተኛው ክፍል አልገባኝም፤ አስር ደቂቃ ቢሰጡኝ መቼ ልምጣ?» ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር ጮክ ብሎ ያለ ተማሪ በኋላ ቢሮ ለመሄድ ያን ያህል አይከብደውም።

ነባር ተማሪዎችን ማናገር

ከሞከርናቸው መንገዶች ሁሉ ዋጋው ትንሽ፣ ጥቅሙ ግን ትልቅ ሆኖ ያገኘነው የነባር ተማሪዎች ውይይት ነው። ኒኮል ስቲቨንስና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተሙት ጥናት አዲስ ገቢ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የነባሮችን ገለጻ እንዲሰሙ ተደረገ። ለአንዱ ቡድን ነባሮቹ የቤተሰባቸው ሁኔታ በትምህርታቸው ላይ ምን እንዳስከተለና እንዴት እንደተወጡት ተናገሩ፤ ለሌላው ቡድን ስለ ቤተሰብ ሳያነሱ አጠቃላይ ምክር ብቻ ሰጡ። በመጀመሪያው ቡድን ከቤተሰባቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ከፍተኛ ትምህርት በገቡና በሌሎቹ መካከል የነበረው የውጤት ልዩነት በዓመቱ መጨረሻ በ63 በመቶ ጠበበ።

አደራረጉ ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ተናጋሪዎቹ ከተለያየ ኑሮ የመጡ ይሁኑ፤ የተቸገሩት ብቻ ከተሰለፉ መድረኩ የሐዘኔታ መድረክ ይሆናል። እያንዳንዱ ተናጋሪ ሦስት ነገር በቅደም ተከተል ይናገር፦ ከምን ዓይነት ቤት እንደመጣ፣ ያ ምን እንዳስቸገረው፣ ምን እንዳደረገ። ሦስተኛው ከቀረ ሰሚው ይከፋል። የመጀመሪያው ከቀረ ምክሩ ተራ ምክር ይሆንና የራሱን ኑሮ የሚያስብ ተማሪ «ለእሱ ይቀለዋል» ብሎ ያልፈዋል። ሐሳባቸውን ቀደም ብለው ጽፈው ያምጡ፤ ለአማካሪው ያሳዩት፤ ሊናገሩት የማይፈልጉትን እንዲናገሩ አይገፉ። አንድ ሰዓት ይበቃል። ጊዜው የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው፤ የመጀመሪያው ፈተና ውጤት ከወጣ በኋላ ከሆነ ብዙው ተማሪ የራሱን ፍርድ ሰጥቶ ጨርሷል።

ከተማሪው ጋር ለብቻ

ተማሪው «እኔ የዚህ ቦታ ሰው አይደለሁም» ሲል የሚቀናን መልስ «ገንዘብ ምንም አይደለም»፣ «አንተ እኮ ጎበዝ ነህ» ወይም «ከአንተ የባሰ ስንት አለ» ነው። ሦስቱም ይዘጉታል። የመጀመሪያው የሚያውቀውን እውነት ይክዳል። ሁለተኛው ቦታውን በውጤቱ ላይ ያንጠለጥልበታል። ሦስተኛው ደግሞ ንጽጽሩን ወደ ታች ያዞረዋል እንጂ አያስቆመውም።

የሚሻለው መጠየቅ ነው፦ መቼ? የት? ማን በነበረበት? «ሁልጊዜ» ካለ «ትናንት ከጠዋት ጀምሮ ንገረኝ» በሉት። ብዙ ጊዜ «ሁልጊዜ» የተባለው ሲመረመር ሁለት ወይም ሦስት ቦታ ሆኖ ይገኛል፦ የምሳ ሰዓት፣ የቡድን ሥራ፣ የክፍሉ የቴሌግራም ቡድን። ከዚያ ለአንድ ሳምንት ማስታወሻ ይያዝ፤ ሦስት ዓምድ ብቻ። በመጀመሪያው የትና መቼ፣ በሁለተኛው ከማን ጋርና በምን ራሱን አነጻጸረ፣ በሦስተኛው ከዚያ ምን አደረገ ወይም ምን ሳያደርግ ቀረ። ሦስተኛው ዓምድ ዋናው ነው፤ የተዋቸው ነገሮች ዝርዝር እዚያ ይወጣል። በሚቀጥለው ቀጠሮ ከተዋቸው ውስጥ ትንሹን አንዱን መርጦ እንዲሞክረው ይደረግ። ስሜቱ እስኪለወጥ አትጠብቁ፤ ጥያቄ ጠይቆ መልስ ያገኘ ተማሪ ስሜቱ ከኋላ ይከተላል።

ገንዘብ የሚጠይቅ ነገር ሲመጣ ተማሪው አጭር፣ እውነተኛና ሌላ ሐሳብ የሚጨምር መልስ አስቀድሞ ይዘጋጅ፦ «ይህን ወር አልችልም፤ ቅዳሜ ግን አብረን ብናጠና ደስ ይለኛል።» ሰበብ መፍጠር አያስፈልግም። ሰበብ ሌላ ሰበብ ይወልዳል፤ እውነተኛውን መልስ የማይቀበል ጓደኛ ደግሞ የሚያስከፍለው ከገንዘብ በላይ ነው። ስልክን በተመለከተ ሙሉ በሙሉ መተው ለብዙዎች አይሳካም። ካዩ በኋላ የሚከፋቸውን ገጾች ለይተው ለሁለት ሳምንት ድምፃቸውን መዝጋትና ለውጡን ማየት ይሻላል።

ወላጆች፣ ከልጃችሁ ጋር ስለ ገንዘብ በልኩ ተነጋገሩ። ምንም ያልተነገረው ልጅ ከእውነቱ የባሰውን ያስባል፤ የቤቱን ዕዳ ሁሉ የተሸከመ ልጅ ደግሞ ደብተር መግዣ መጠየቅ ይፈራል። «ይህን እንችላለን፣ ይህን አንችልም፣ ይህን በሚቀጥለው ወር እናየዋለን» የሚል ግልጽ ቃል ይበቃዋል። «ከማን አንሰን» ብሎ ከአቅም በላይ ስልክ መግዛት ለጥቂት ሳምንታት ያስደስታል፤ ቀጥሎ ሌላ ሞዴል ይወጣል።

አንዳንድ ምልክቶች ግን ቀጠሮ አይጠብቁም። ተማሪው ስለ ሞት የሚያወራ፣ የሚወደውን ዕቃ ለሰው የሚያድል፣ ራሱን ሸክም አድርጎ የሚናገር ከሆነ በዚያው ቀን በቀጥታ ጠይቁት፦ «ራስህን ለመጉዳት አስበህ ታውቃለህ?» መጠየቁ ሐሳቡን አይፈጥርበትም። «አዎ» ካለ ብቻውን አትተዉት፤ ቤተሰብና የጤና ባለሙያ እስኪደርሱ አብራችሁ ቆዩ።

ዳግመኛ መለካት

ለውጥ ካደረጋችሁ በኋላ ከስምንት እስከ አስር ሳምንት ቆይታችሁ ሁለቱን መሰላሎችና አምስቱን ጥያቄዎች እንደገና ስጡ፤ ሰዓቱና ሁኔታው እንደ መጀመሪያው ይሁን። የቤተሰብ መሰላሉ እንዲንቀሳቀስ አትጠብቁ፤ የቤተሰቡ ኑሮ አልተለወጠምና። መንቀሳቀስ ያለበት የትምህርት ቤቱ መሰላል ነው። በአምስቱ ጥያቄዎች ከ100 ላይ የ10 ነጥብ ለውጥ ትርጉም ያለው ተብሎ ይወሰዳል፤ ከዚያ ያነሰው የዕለቱ ውጣ ውረድ ሊሆን ይችላል። ከወረቀቱ ውጭም ሌሎች ቁጥሮችን ተመልከቱ፦ በክፍያ ሳምንታት ስንት ተማሪ ቀረ፣ መምህራን ዘንድ ቢሮ የሚሄዱት እነማን ናቸው፣ የድጋፍ ቅጽ ስንት ተመለሰ። የድጋፍ ጠያቂ ቁጥር መጀመሪያ ላይ ቢጨምር አትደንግጡ፤ ችግረኛው አልበዛም፣ መደበቁ ቀረ እንጂ።

ወረቀቶቹ በስም ሳይሆን በኮድ ይያዙ፤ ኮዱን ከስም ጋር የሚያገናኘው ዝርዝር አማካሪው ዘንድ ተቆልፎ ይቀመጥ፤ ለአስተዳደር በሚቀርብ ዘገባ ላይ ከአምስት ያነሰ ተማሪ ያለበት ምድብ ለብቻው አይጻፍ፣ ማን እንደሆነ ይታወቃልና። ዓመቱ ሲያልቅ ዝርዝሩ ይቃጠል ወይም ይቀደድ።